ሕፃኑን ማን ያመጣዋል?

«የኔታ፣ ሲመለሱ ይዘውኝ ይሂዱ» አለች ዜማ፣ ድንኳን ሙሉ ለቅሶ ደራሽ እየሰማ። «እናና ሞታለች። ሕፃኑን የማመጣው እኔ ነኝ።»

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ለእኅታቸው ለእናትዓለም፣ ዜማ እናና ለምትላት አያቷ፣ ሣልስት ከጣና ደሴት ገና መድረሳቸው ነው። የአያቷን ነጠላ በብብቷ ሸጉጣ ፊታቸው የተገተረችውን ልጅ አይተው ግራ ገባቸውና ወደ እናቷ ዞሩ።

ፀሐይወርቅ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ደፋች። ወሯ ገብቷል። እንግዳው ሁሉ ሆዷን በዓይኑ እየጠቆመ «ለሱ ስትይ አታልቅሺ» ሲላት ዜማ «ለማን?» ትላለች፤ እነሱም ወሬ ይለውጡባታል።

ጥፋቱ የሟቿ ነው፣ ነፍሷን ይማርና። እናትዓለም በየዓመቱ ለንግሥ ወደ ደሴቱ ትሻገር ነበር። ስትመለስ ግሽ አባይ ሰፈር የወለደች አትጠፋም፤ ልጆቹም ሲጠይቋት «እኔ ነኝ ከገዳም በነጠላዬ ጠቅልዬ በታንኳ ያመጣሁት» ትላቸዋለች። ለዜማም ዘንድሮ ወንድም አመጣልሻለሁ ብላ ነበር። ፀሐይወርቅ ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የሥነ ተዋልዶ ትምህርት ታስተምራለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ተረቱን ሰምታ ዝም ትላለች።

«ሂጂ ተጫወች ልጄ» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ሸዋዬ። «ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ አይወራም፣ ነውር ነው።»

«ታዲያ እዚያው ይቅር? ብቻውን ይፈራል እኮ!» ዜማ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። «ጠዋትም ታንኳ ስጠብቅ መለሱኝ።»

ፀሐይወርቅ ክው አለች። ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ መሐል ቆማ የተገኘችው ለዚህ ኖሯል! ነገ ማንም ሳያያት ብትገባስ?

እሷም በልጅነቷ እናቷን «ውሸትሽን ነው» ብላ አፋጥጣት ታውቃለች። ያኔ እናትዓለም የፀሐይወርቅን ታናሽ ወንድም አርግዛ ነበር። አልተቆጣችም፤ ስቃ የልጇን እጅ ይዛ ሆዷ ላይ አኖረችው። «እዚህ ነው ያለ። አንቺም እዚሁ ነበርሽ። ተረቱ ለጨዋታ ነው፤ አምርሮ ለጠየቀ እውነቱን ነው የምነግር» አለቻት። ነገረቻትም፣ ሳታፍር።

«ነይ ዜማ» አለች ፀሐይወርቅ ቀና ብላ። «ሕፃኑ ገዳም አይደለም። እዚህ ነው፣ ሆዴ ውስጥ።»

እትዬ ሸዋዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«እናና ዋሸችኝ?»

«ተረት ነገረችሽ። እንዲህ ስታለቅሽ ብታይ እውነቱን ትነግርሽ ነበር። እኔም እናና ሆድ ውስጥ አድጌ ነው የተወለድሁ።»

«እንዴት ገባ?»

ከለቅሶ ደራሹ አንዱን ሳል ያዘው።

«የአባትሽ ዘርና የእኔ እንቁላል ተገናኝተው ነው፤ ከትንሽ ነገር ተነሥቶ አደገ። የቀረውን እቤት ስንገባ እነግርሻለሁ፤ አልደብቅሽም።»

«ምነው በልጅቷ ፊት!» አሉ እትዬ ሸዋዬ።

«በጸሎታችን የእመቤታችንን የማኅፀን ፍሬ በየቀኑ ስናነሣ አናፍርም፤ ዛሬ ምን አሳፈረን?» አሉ መሪጌታ። «ያችም እኅቴ ብትኖር ይኸንኑ ነበር የምትል።» እትዬ ሸዋዬ ወደ ንፍሯቸው ተመለሱ።

ዜማ ሆዱን ትኩር ብላ አየችው። «እናና ሳታየው ሞተች?»

«ሳታየው።» ፀሐይወርቅ በቀብሩም ዕለት «ለሱ ስትይ» እየተባለች የያዘችው እንባ ያን ጊዜ ወረደ። እናቷ ናፈቀቻት፤ የዚህን ልጅ እልልታ ማን ያቀልጠዋል?

ዜማ ከብብቷ ነጠላውን አውጥታ ዘረጋችው። በእናቷ ሆድ ላይ አዙራ ጠቀለለችው፤ ጫፉንም እንዳይፈታ አጥብቃ ሸጎጠችው።