ነጩ ግድግዳ

ቤሪል የሰማዩን ግራጫ በወፍራሙ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች እየሳበች መጥታ የቤቱ ግድግዳ ላይ ስትደርስ ዞራ አለፈችው። ነጭ ቀለም ተጠቅማ አታውቅም። በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ አንዴ ከተሸፈነ አይመለስም።

"ግድግዳውን ረሳሽው" አለ ወንድሟ ክላይቭ፣ ተጣጣፊ ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ።

"አልረሳሁም። ወረቀቱ ሲደርቅ መስኮቶቹን አስገባለሁ።"

"አርባ ዓመት ባሕሩን ስትስዪ ኖረሽ፣ ቤቱ ዛሬ ትዝ አለሽ?"

"ውስጡ ተቀምጬ እንዴት ልሳለው?"

ገደሉ ባለፈው መከር ከወጥ ቤቱ በር አሥራ አንድ እርምጃ ይርቅ ነበር። ባሕሩ እየሸረሸረው አሁን አራት ቀርቶታል። ቤቱ ባሕሩ ሳይወስደው እንዲፈርስ ተወስኗል። ሰኞ ክላይቭ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይገባል፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ይዞት የሚሄደው ይህን ሥዕል ብቻ ነው።

ቤቱን የሚያፈርሰው የቁፋሮ ማሽን እያጓራ በአጥሩ በር ገባ። የአፍራሾቹ ፎርማን ወደ እነሱ መጣ።

"እትዬ፣ ከዚህ እንዳታልፉ።"

"ከቀትር በኋላ ብላችሁን ነበር እኮ።"

"ንፋስ ሊነሣ ነው ተባልን።"

"ወረቀቱ እስኪደርቅልኝ ብትጠብቁኝ?"

"ስንት ይፈጃል?"

ቤሪል ወረቀቱን በእጇ ጀርባ ነካችው። ገና እርጥብ ነበር። "በዚህ እርጥበት፣ አንድ ሰዓት።"

"አንድ ሰዓትማ የለኝም፣ እትዬ።"

ማፍረሱ ሃያ ደቂቃ ብቻ ፈጀ። መጀመሪያ ጣሪያው ወረደ። የእናታቸው መኝታ ቤት አረንጓዴ ግድግዳ ለጥቂት ጊዜ ብርሃን አየ፤ ከዚያ እሱም ወደቀ። አቧራው ሲበተን በቤቱ ቦታ ሰማይ ነበር።

ወረቀቱ ደረቀ። ቤሪል ያላየችውን ስላ አታውቅም። ግራጫውን በውሃ አቅጥና በብሩሿ አነሣች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለ ክላይቭ።

"ያለውን ልስል፤ ሰማዩን።"

"መስኮቶቹን በቃልሽ ታውቂያቸው የለ?"

ዓይኗን ጨፈነች። የታያት ባሕሩ ነው፤ በመስኮቱ በኩል።

"ከውጭ ስንት መስታወት ነበራቸው?"

"ስድስት" አለ ክላይቭ። ቆይቶ፣ "ስምንት መሰለኝ።"

ከብሩሹ ጫፍ አንድ ጠብታ ጫማዋ ላይ ወደቀ።

"ነጩን እንዲሁ ተይው በቃ" አላት።

"የወለቀ ጥርስ ቦታ ይመስላል።"

"ይምሰል።"

ቤሪል ብሩሹን በጨርቅ ጠረገች፤ ውሃውንም ሣሩ ላይ ደፋችው።