ቅዳሜ አባባን ማን ያነሣቸዋል?

ሰፈሩ ሁሉ «ግድግዳው» ይለዋል። እንጀራው የኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናን የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ሆኖ ሲቆም አይተው ነው። እሱ ባለበት ጎል ማግባት ዘበት ነበር። ከጨዋታ በፊት ቡድኑን በጸሎት የሚመራውም እሱ ስለሆነ፣ ቅዳሜን ለኳስ መስጠት ለእግዜር የመስጠት ያህል ይታየው ነበር።

አማቱ፣ የሚስቱ አባት፣ ግራ ጎናቸው ሽባ ሆኖ ቤቱ ከገቡ መንፈቅ አልፏል። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። እጅና እግራቸው አልታዘዝ ቢላቸውም ምላሳቸው ምንም አልሆነም። ገላቸውን የሚታጠቡት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ማን እንደሚያነሣቸው ግድግዳው ጠይቆ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ እንደምንም ትወጣዋለች ብሎ ትቶታል። «ሂድ፣ ይቅናህ» ስትለውም ደስ ብሏት የምትሸኘው ይመስለዋል።

አንድ ቅዳሜ ግን ዝናቡ ሜዳውን አጨቀየውና ጨዋታው ተሰረዘ። ጫማውን አንጠልጥሎ ቤት ሲገባ ከመታጠቢያ ቤቱ የወንድ ድምፅ ሰማ። በሩን ገፋ አደረገው። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አማቱን በብብታቸው ሥር ይዞ ከወንበር እያነሣ ነው። ሚስቱ ፎጣ ይዛ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ ጥላ ቆማለች።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ግድግዳው ደንግጦ።

«ምንም። ቅዳሜ ቅዳሜ አባባን የማነሣው እኔ አይደለሁ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ቶሎ በሉ፣ ግማሽ ጺሙን የተላጨ ደንበኛ ወንበር ላይ ትቼ ነው የመጣሁት።»

«በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ!» ጮኹ አማቱ። «ልታይ ከመጣህ ደግሞ ትኬት ቁረጥ!»

ግድግዳው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጎረቤቱ ሲሄድ ሚስቱን ወጥ ቤት አገኛት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር እኮ። ወገቤን አመመኝ ስልህ ‹ቅባት ተቀቢ› አልከኝ። ከዚያ ወዲያ መለመን ደከመኝ።»

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። መኝታ ቤት ገብቶ ተንበረከከ። ሜዳ ላይ ሲጸልይ እንደ ውሃ የሚወርድለት ቃል «ጌታ ሆይ» ካለ በኋላ ጥርቅም አለበት። ተነሥቶ ወደ ቡድኑ አምበል ሄደና ከእንግዲህ ቅዳሜ እንደማይጫወት ነገረው።

«አበድክ እንዴ? ለፍጻሜው አንድ ጨዋታ ቀርቶን!» አለ አምበሉ። «ዋንጫውን አማትህ ሊሰጡህ ነው?»

«ለእናንተ ሌላ በረኛ ይገኛል። ቤቴ ግን በእኔ ቦታ ጎረቤቴ ተተክቶ አየሁ፤ አፈርኩ።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ አያድርስ ነው። ውሃው ፈጀ።

«ልታጥበኝ ነው ወይስ ልትቀቅለኝ?» አሉ አማቱ። ሳሙና ዓይናቸው ገባ። ሊያነሣቸው ሲታገል እግሩ ከዳውና እሳቸውን አቅፎ ዘጭ አለ። ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ተጎዱ፣ አባባ?»

«እኔስ አንተ ላይ ነው ያረፍኩት። ግን ግድግዳ ያሉህ ሰዎች፣ የካርቶን ግድግዳ ነው እንዴ የሚያውቁት?»

እሱ ሳቅ ሲያመልጠው፣ ሽማግሌውም ሳቁ። በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄዶ ተማረ፤ ጉልበትን ሸብረክ አድርጎ፣ በወገብ ሳይሆን በጭን ኃይል ማንሣት ነው። ቀስ በቀስ እጁ ለመደ።

ቡድኑ ፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ። ቅዳሜ ጠዋት የኳስ ድምፅ በመስኮት ሲገባ አሁንም እግሩን ይበላዋል። ሚስቱም ታውቃለች። የበዓል ጨዋታ ሲኖር ጫማውን አውጥታ በር ላይ የምታስቀምጥለት እሷ ናት።

አንድ ቅዳሜ አማቱን አጥቦ፣ ንጹህ ሸሚዝ አልብሷቸው፣ ደግፏቸው ኮሪደሩን ሲያስኬዳቸው ሚስቱ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። ረፍዶ ነበር።

«ምነው ዝም አላችሁኝ? ይህን ያህል ተኝቼ?»

ሽማግሌው ግራ እግራቸውን እየጎተቱ አንድ እርምጃ ጨመሩ።

«ተመለሽና ተኚ» አሏት ሳይዞሩ። «እኔና ልጄ ሥራ ላይ ነን።»