ሰሎሜ በር ላይ የተቀመጡት ሴቶች

ፈትለወርቅ ስልኩን ያነሳችው ሽንኩርት የነካ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ነው። የደወለው ወንድ ልጇ ኤልያቄም ነበር። ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ጠዋት ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሰው ጭኖ ወጥቶ ነበር።

«እማ፣ እንዳትደነግጪ» አላት። እንዲህ ሲላት ሁልጊዜ ትደነግጣለች። «በጊንጪ ሳልፍ የሰሎሜን ቤት ሴቶች ከበውት አየሁ። ዱላ ይዘዋል። ሰው ጭኜ ስለነበር መቆም አልቻልኩም። ስልኳም አይነሳም።»

«ምን ዓይነት ሴቶች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሴቶች ናቸው። ብዙ ናቸው።»

ፈትለወርቅ ሌላ አልጠየቀችም። ክፉ ክፉውን ለማሰብ የሰው እርዳታ አያስፈልጋትም። አምቦ ተወልዳ፣ አምቦ ተምራ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር አብራ በኦሮምኛም አፏን የፈታች ናት። ቢሆንም መንገድ ይዘጋ፣ ስልክ ይጠፋ በነበረባቸው ዓመታት አንድ ፍርሃት ሆዷ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ አንድ ቀን እናንተ ከወዴት የመጣችሁ ናችሁ እንባላለን የሚል። ያ ቀን ዛሬ ነው አለች። ሴት ልጇ ሰሎሜ ደግሞ አራስ ናት። ፈትለወርቅ ራሷ ጊንጪ ሰንብታ ስታርሳት ቆይታ፣ ወደ አምቦ ከተመለሰች ገና ሳምንቷ ነው። ለምን ተመለስኩ፣ ለምን ተመለስኩ እያለች መናኸሪያ ደረሰች።

መንገዱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። ሕፃኗን እኔ እይዛለሁ፤ ሰሎሜን በጓሮ አስወጣታለሁ፤ አማቼ ምትኩ ዕቃውን ይዞ ይከተለናል። ምትኩ ደግሞ የት ሆኖ ነው ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም ያለው? ምናልባት እሱንም አግኝተውት ይሆናል።

የሰሎሜ ቤት ከአስፋልቱ ብዙ አይርቅም። ፈትለወርቅ ከሩቅ አየቻቸው። አይጮኹም፣ ድንጋይ አይወረውሩም፤ በሩ ፊት ለፊት ሳሩ ላይ ተቀምጠዋል። ዱላቸው ቀጭንና ቅቤ የጠጣ ነው። ሲንቄ መሆኑን ወዲያው ለየችው፤ የኦሮሞ እናት በሠርጓ ቀን ለልጇ የምትሰጣት በትር። ግን በበዓል ሰልፍ ላይ ሲይዙት እንጂ እንዲህ ሰው ቤት ይዘውት ሲወጡ አይታ አታውቅም። ፍርሃቷ ትንሽም አልቀነሰም።

ሰሎሜ መሀላቸው ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። ግራ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል።

ፈትለወርቅ የሰው እግር እየረገጠች ገባች። «ምን አደረገቻችሁ? እንዴት አራስ ሴት ትመታላችሁ?»

ሴቶቹ ተያዩ። በኦሮምኛ አክብሮት አደ ድንቅቱ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሴት ቀና ብለው አይዋት። «እኛ ብንመታማ ባሏን ነበር» አሉ።

«እማ፣ ምትኩ ነው» አለች ሰሎሜ።

ፈትለወርቅ የሰማችው አልገባ አላት። ምትኩ? ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ምትኩ? አምቦ በመጣ ቁጥር ጤፉን ራሱ ተሸክሞ ጓዳዋ ድረስ የሚያስገባው? ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ስትጠብቅ፣ ከዚህ በኩል ይመጣል ብላ አንድ ቀን እንኳ አልጠበቀችም።

«ምን ብለሽው ነው?» አለቻት።

 ከጎን የተቀመጠች ወፈር ያለች ጎረቤት፣ ዶርቃስ፣ በቀስታ «እሱን ስንጠየቅ ነው የኖርነው፣ እትዬ» አለች። «ዛሬ እንኳን ይቅርባት።»

ፈትለወርቅ ፊቷ ጋለ። የልጇን ክንድ ያዘች። «ተነሺ። አምቦ እንሂድ።»

ሰሎሜ ልትነሳ ስትል አደ ድንቅቱ ሲንቄያቸውን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረጉ። «ከሄደችማ አለቀ። እናቷ ወሰደቻት ይባላል፤ የቤት ውስጥ ነገር ሆኖ ይቀራል። ነገ ሽማግሌ ይልክና ደግሶ ይመልሳታል። እዚህ ከተቀመጠች ግን እኛን ተሻግሮ መግባት አይችልም። ጥፋቱን በሰው ፊት ይናገራታል።»

«ተሻግሮ ቢገባስ?»

«ሲንቄ የተሻገረ ወንድ አላየሁም።»

«ዛሬ ቢጀምርስ?»

አደ ድንቅቱ ሲንቄውን የሰሎሜ ጉልበት ላይ አጥብቀው ያዙት። ፈትለወርቅን የባሰ ያስጨነቃት ይሄ ነው። ሌላ መውጫ ፈለገች። «እኔ ልጄን በተክሊል ነው የዳርኳት። ሲንቄ አልሰጠኋትም። ሕጋችሁ እሷን አይመለከትም።»

ዳር ላይ የተቀመጠችው ለንሳ ሳቀች። ለንሳ ወጣት መምህርት ናት፤ ሴቶቹን ቤት ለቤት ዞራ የቀሰቀሰችው እሷ ናት። «እሱን ሲከራከሩ ነው ያረፈዱት፣ እትዬ። ሲንቄ ለሌላት አንወጣም ያሉ ነበሩ።»

«እኔም አንዷ ነበርኩ» አሉ አደ ድንቅቱ። «ግን ስትጮኽ የሰማኋት እኔ ነኝ። የጮኸችው በአማርኛ ነው። ገብቶኛል።»

«እኔም በትር አልያዝኩም» አለች ዶርቃስ። «ቤተ ክርስቲያናችን አይፈቅድም። መቀመጥን ግን የከለከለኝ የለም።»

«አንቺማ ያለ በትርም የሁለት ሰው ቦታ ይዘሻል» አሏት አደ ድንቅቱ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ሰሎሜ ራሷ ባበጠው ፊቷ ፈገግ ልትል ሞከረች። ፈትለወርቅ ግራ ገባት። የተመታ ሰው መሀል ተቀምጦ ይሳቃል እንዴ? ይህ ሐዘን ነው? ስብሰባ ነው? ልጇን የከበቡት ሊጠብቋት ነው ወይስ አግተዋት?

«አደ፣ ወይ ተቀመጪ ወይ ሂጂ» አሏት አደ ድንቅቱ። «ቆመሽ ፀሐዩን ከለከልሽን።»

አምናቸው ሳይሆን ልጇን ትታ መሄድ ስላልቻለች ተቀመጠች። ዶርቃስ ጠጋ አለችላት።

ከሰዓት ምትኩ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። እጁ ላይ እርጥብ ሳር ይዟል፤ ለምልጃ ነው። አማቱን ሲያይ አቀረቀረ። ሲንቄዎቹ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ፈትለወርቅ መቆሙን እስክታይ ዓይኗን ከእግሩ ላይ አላነሳችም።

«ምን አደረግክ?» አሉት አደ ድንቅቱ።

«ተበሳጭቼ... ገፋኋት።»

ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩበት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ኦቦ ዓብዲሳ፣ ጎሸም አደረጉት።

«መታኋት» አለ ምትኩ። «በቡጢ።»

ኦቦ ዓብዲሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በደሉን አምኗል። ለሲንቄው ካሳ ጊደር ያወጣል። እንግዲህ ይቅር በሉትና ወደ ቤቱ ይግባ።»

አደ ድንቅቱ ወደ ሰሎሜ ዞሩ። ሰሎሜ ደግሞ ወደ እናቷ። የሁሉም ዓይን ፈትለወርቅ ላይ ሆነ። ይግባ ብትል፣ ሴቶቹ ሲበተኑ በሩ ሲዘጋ ታያት። አይግባ ብትል፣ ልጇ ሕፃን አዝላ አባት የለሽ ስታሳድግ፣ ሰው ሲያወራባት ታያት። ሁለቱም ላይ ሰሎሜ ታለቅሳለች።

«አላውቅም፣ ልጄ» አለች። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

ሰሎሜ ሕፃኗን ወደ ሌላ ክንዷ አዛወረች። «ልጄ ክርስትና እስክትነሳ እሱ እናቱ ዘንድ ይደር» አለች። «እኔ እዚሁ ቤቴ እሆናለሁ። ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ።»

«እንዲህ ያለ ነገር በሲንቄ ሕግ የለም» አሉ ኦቦ ዓብዲሳ። «ይቅር ካሉ ይቅር ነው።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተነጋገሩ፤ ከፊሉ ከሽማግሌው ጋር ተስማማ፣ ለንሳ ተቆጣች፣ አንዷ ተነስታ ሄደች። በመጨረሻ አደ ድንቅቱ «የተመታችው እሷ ናት» አሉ። «ጊደሯ ትቆይ። እኛ ጎረቤቶች በየተራ ከእሷ ጋር እናድራለን።»

«ልብሴን ልውሰድ» አለ ምትኩ።

አላሳለፉትም። ፈትለወርቅ ገብታ እንድታወጣለት ላኳት። ካፖርቱን፣ ጫማውንና ሸሚዞቹን አንስታ ካቀፈች በኋላ አልጋው አጠገብ ቆመች። የእናቱ አገር ደንዲ ተራራ ላይ ነው፤ ከሐይቁ በላይ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት። ብርድ ልብስ ልስጠው? ብሰጠው እንዳዘንኩለት ይቆጥረዋል። ካልሰጠሁት በረደኝ ብሎ ይመለሳል። ሁለት ነበሩ፤ ቀጭኑን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ወፍራሙን አጥፋ ከልብሱ በላይ ደረበችና ይዛለት ወጣች።