ገና አልተከፈተም

ጋሽ ዝግ ይህ ቅጽል የወጣላቸው የአዳኞች ማኅበር ሊቀ መንበር በነበሩበት ዘመን ነው። ቆቅ እንቁላል ላይ ስትቀመጥ የአደን ወቅት ይዘጋል፤ ጫጩቶቿ በክንፋቸው መብረር ሲችሉ ይከፈታል። በመካከሉ ዘመድም ይሁን ባለሥልጣን «እንዲያው ለአንድ ጊዜ ብቻ» ብሎ ቢለምናቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ዝግ ነው።» ወቅቱ ተከፍቶም ቢሆን ሕጋቸው አያልቅም። መሬት ላይ ያለች ቆቅ አትተኮስም፤ ተነሥታ እስክትበር ትጠበቃለች። ጫጩት የምታስከትል አትነካም። ለአንድ ሰው በቀን አራት ይበቃዋል፤ «አምስተኛዋ መጥታ ትከሻህ ላይ ብታርፍ እንኳ በደህና ግቢ ብለህ ሸኛት» ይሉ ነበር። የሚስታቸውን ወንድም ሳይቀር በዝግ ወቅት ሲያድን ይዘው ጠመንጃውን አስነጥቀውታል፤ ሰውዬው እስኪሞት ድረስ ደጃቸውን አልረገጠም። የሰፈሩ ቀልደኞች ሱቅ ሄደው በሩ ተቆልፎ ሲያገኙት «ጋሽ ዝግ አልፈውበት ነው» ይባባላሉ።

ሚስታቸውን ደግሞ እትዬ ሥጋት ይሏታል። ዝናብ ሲጥል ጣራው፣ ሲያባራ ጉድጓዱ ያሳስባታል። የልጅ ልጆቿ አንድ ጊዜ ካሳላቸው እሷ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። ሰው ይስቅባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች፤ መሥጋቷን ግን አትተውም። የፈሩት ይደርሳል የሚባለውም እንደ እሷ ላለ ሰው ነው መሰል፣ ባለፈው የአደን ወቅት አንዱ ሥጋቷ ደረሰ።

ያን ቀን ጋሽ ዝግ ማለዳ ወጥተው ለምሳ አልተመለሱም። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ፍለጋ ወጣች። ከመስኖው ቦይ ዳር ተንበርክከው አገኘቻቸው፤ ጠመንጃቸው ጥይት ጎርሷል፤ አፈሙዙ ወደ ረጅሙ ሣር ዞሯል። ሣሩ ውስጥ አንድ ቡናማ ነገር ብቅ ጥልቅ ይላል። እትዬ ሥጋት ዓይኗን አጥብባ አየች። የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ ሻሽ ነው፤ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ለፍየሏ ሣር ታጭዳለች።

«ዝም በይ» አሏት ጋሽ ዝግ በሹክሹክታ፤ «አሁን ትነሣለች። ስትነሣ ነው የምመታት።»

መሬት ላይ ያለችውን አትተኩስ የሚለው ሕግ ነው የልብስ ሰፊዋን ያተረፋት። እትዬ ሥጋት ቀስ ብላ አፈሙዙን ወደ ምድር ዝቅ አደረገችው። «በሉ ይነሡ፤ ቤት እንሂድ» አለቻቸው።

«የቱ ቤት?» አሏት።

ሐኪሙ መርምሮ፣ ይህ ነገር ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ የማይመለስ የመርሳት በሽታ ነው፤ ጠመንጃውን ከቤት አውጡ አለ። ልጃቸው፣ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚጠግነው፣ ሐኪሙ ያለውን ደገመ። «እማዬ፣ ፈቃዱንም ጠመንጃውንም ለአደን ቢሮ እንመልስ። ጥይት ብንደብቅ ከሰው ተበድረው ይወጣሉ።»

«ከወሰድክባቸው ነፍሳቸውን አብረህ ትወስዳለህ» አለችው። «እኔ አውቃለሁ እንዴት እንደምይዛቸው።»

የያዘቻቸውም በሌላ ብልሃት አልነበረም፤ በራሳቸው ሕግ ነው። ጋሽ ዝግ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ሲረሱ፣ መታጠቢያ ቤቱ ሲጠፋቸው፣ ያ ሕግ ከውስጣቸው ንቅንቅ አላለም። በየማለዳው ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ይቀመጡና «ተከፈተ?» ይላሉ። «ገና አልተከፈተም» ትላለች። «መልካም» ብለው ጠመንጃቸውን በዘይት ጨርቅ ይወለውላሉ፤ መልሰው ይሰቅሉታል። በዝግ ወራት ይህ እውነት ነበር። ቀኑ ደርሶ ወቅቱ ሲከፈትም እትዬ ሥጋት ቃሏን አልለወጠችም። ቃሉ ያው ነው፤ ቀኑ ዞሮ ነው ውሸት ያደረገው።

የመከፈቱን ዜና እንዳይሰሙ የሬዲዮኑን ባትሪ አወጣች። ከማሳው ማዶ ተኩስ ሲሰማ «መንገድ ሊሠሩ ድንጋይ እያፈነዱ ነው» አለች። እሳቸውም አመኗት፤ አምነው ጫማቸውን አውልቀው መቀመጣቸው አንጀቷን በላው። ሰባኛ ዓመታቸውን ካለፉ ወዲያ ከዚያች ማሳ በቀር የሚናፍቁት ነገር እንደሌለ እሷ ታውቃለች። ግን ሻሹ ይታያታል፤ ከሻሹ ሥር ያለው ራስ ይታያታል።

ሰው ሁሉን ሲጠብቅ አንዱን ይረሳል። የማብሰያው ጋዝ አለቀባትና ለልጇ ደወለች። ሲሊንደሩ ለእሷ ከባድ ነው። «ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር ወጥቻለሁ፤ ስመለስ አመጣልሻለሁ» አላት። ወዴት ነው የወጣኸው ብላ አልጠየቀችውም። ልጅየውም ከማሳው ቀጥታ፣ ሲሊንደሩን በትከሻው፣ ጠመንጃውን በጀርባው፣ ሦስት ቆቆች በወገቡ አንጠልጥሎ መጣ። ጋሽ ዝግ በረንዳው ላይ ነበሩ።

«ያ ምንድን ነው ወገብህ ላይ ያለው?»

«ቆቅ ነው አባዬ፤ ወቅቱ እኮ …» ብሎ ጀመረ። ከአባቱ ጀርባ፣ ከበሩ ሥር፣ እናቱን አያት። ራሷን ታወዛውዛለች፤ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ልጅየው ሲሊንደሩን ከትከሻው አወረደ።

«ወቅቱ ምን?»

«አጠፋሁ አባዬ» አለ።

ጋሽ ዝግ ወደ ቆቆቹ ጎንበስ ብለው የአንዷን ክንፍ በሁለት ጣት ዘረጉና መልሰው ከደኑት። «ሰው ሁሉ ሕግ ይጥሳል ብዬ ብሰጋ፣ አንተን አልሰጋም ነበር» አሉ። ከዚያም ጫማቸውን አጠለቁ። «ንሣ፤ ቢሮ እንሄዳለን።»

«አባዬ፣ ነገ …»

«የአጎትህን ጊዜ ነገ አላልኩም።»

በዋናው መንገድ ሄዱ፤ ሽማግሌው በፊት፣ ጎልማሳው ልጃቸው ቆቆቹን በእጁ ይዞ በኋላ፣ እትዬ ሥጋት እያለከለከች ከሁለቱም ኋላ። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የዚያን ቀን አዳኞች ተሰብስበው ነበር፤ የሁሉም ቆቅ ከወንበራቸው ሥር ነው፤ ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ አለፉ።

«ምነው ጎበዝ፣ ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ ሆነብህ?» አለው አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ። ልጅየው አንገቱን እንደ ደፋ አለፈ። የሦስት ሰው ደመወዝ የሚከፍል፣ ሱቁ ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ ተማሪ ተነድቶ ሄደ።

የአደን ቢሮው በር ላይ በቀይ ቀለም «ወቅቱ ተከፍቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እትዬ ሥጋት ያቺን ስታይ ጉልበቷን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ሁለቱንም ቀድማ ደረጃውን ወጣችና ጀርባዋን በሩ ላይ ደገፈች። «እስቲ ትንፋሽ ልሰብስብ» አለች። ወረቀቱ ከትከሻዎቿ መሐል ሲንኮሻኮሽ ይሰማታል።

ተቆጣጣሪው ወጣ። ሙያውን ያስተማሩት ጋሽ ዝግ ናቸው። ቆቆቹን አየ፣ ልጅየውን አየ፣ በሩ ላይ የተለጠፈችውን ባልቴት አየ፤ ነገሩ ገባው።

«በዝግ ወቅት ይዤዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ ነው ብለህ እንዳታልፈው።»

«አላልፈውም ጋሼ» አለ ተቆጣጣሪው። ቆቆቹንም ጠመንጃውንም ተቀበለ። ሲመለሱ እትዬ ሥጋትን በጆሮዋ «ለጋሽ ዝግ ስል ወቅቱን ብቻዬን ዘጋሁት፤ ጠመንጃውን ማታ መጥቶ ይውሰድ» አላት። እሷ መሳቅ አልቻለችም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ዝግ ልጃቸውን አላናገሩትም። ምሳ መብላታቸውን ይረሳሉ፤ ይህን አልረሱም። ሌላው ሁሉ እንደ ውሃ ሲፈስስ ይህ አንዱ እንደ ድንጋይ ከሥር ቀረ። ልጅየው እሑድ ሲመጣ ማዕድ ቤት ተቀምጦ፣ በግድግዳው በኩል የአባቱን ሳል እያዳመጠ ይሄዳል። «ተይው እማዬ፤ ቢያንስ ቤት ውስጥ ናቸው» ይላታል። ፊቱ ግን ሌላ ይላል። ጠመንጃውንም አልወሰደውም።

እትዬ ሥጋት ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን ያወቀችው ቃሏን ልትመልሰው ስትሞክር ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጥፍራቸውን እየቆረጠችላቸው «አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች።

«ንገሪኝ።»

«ያን ጊዜ ወቅቱ ተከፍቶ ነበር። ልጁ ሕግ አልጣሰም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ዝግ ጥፍራቸው ያልተቆረጠውን እጃቸውን በእጇ ላይ አኖሩ። «አልፈርድብሽም» አሉ። «አንቺ እናት ነሽ። የወንድምሽንም ጊዜ ተከፍቶ መስሎት ነው ብለሽ አልቅሰሻል።»

«የአሁኑ እውነቴን ነው።»

«ያን ጊዜም እውነቴን ነው ብለሻል።»

ተቆጣጣሪውን ለምና አመጣችው። ሰውየው ቆቡን በእጁ እያዟዟረ «ጋሼ፣ በእርግጥ ክፍት ነበር» አለ። ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። «ክፍት ከነበረ ጠመንጃውን የነጠቅከው በየትኛው ሕግ ነው?» አሉት። ተቆጣጣሪው ቆቡን መልሶ ደፋ። «አንተንም ለመነችህ» አሉ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። እትዬ ሥጋት የአደን ቢሮውን ወረቀት አምጥቼ ላሳያቸው ብላ ሄደች፤ ዝናብ መትቶት ቀይ ቀለሙ ወርዶ ነጭ ሆኗል። ብዙም ሳይቆይ ወቅቱ በእውነት ተዘጋ፤ ተቆጣጣሪው አዲስ ወረቀት ለጠፈ። «ገና አልተከፈተም» ስትላቸው አሁን እውነት ነበር፤ ለመናገር ግን ከውሸቱ ይልቅ ይከብዳት ነበር።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ዝግ ከወንበራቸው በራሳቸው መነሣት አቃታቸው። እሷ ብቻዋን ልታነሣቸው ስትታገል ወገቧን አመማት፤ እሑድ ቀን ልጅየው ከማዕድ ቤት ድምፅዋን ሰምቶ ገባ። እትዬ ሥጋት ደነገጠች፤ ይቆጣሉ፣ የደም ግፊታቸው ይነሣል ብላ። ሽማግሌው ግን ቀና ብለው አዩትና ከወንበራቸው ለመነሣት እንደ መሞከር አሉ።

«እንደምን ዋሉ» አሉት። «ይቀመጡ እንጂ። ከአደን ቢሮ ነዎት?»

ልጅየው እናቱን ተመለከተ። እሷ መጋረጃውን ጨብጣ ቆማለች።

«አዎ» አለ።

«ልጅ አለዎት?»

«ሁለት አሉኝ።»

«ያሳድግልዎ። እኔም አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። እጁ ወርቅ ነው፤ የሞተ ማሽን ያስነሣል። በዝግ ወቅት ተኮሰና …» አሉ። ጣቶቻቸው በጉልበታቸው ላይ የሌለ ክር ይፈትላሉ። «ተቸግሮ ይሆን ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። እርቦት ይሆናል። ልጠይቀው ይገባኝ ነበር።»

«አልራበውም ነበር» አለ ልጅየው።

«ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ካገኙት፣ ወቅቱ ሲከፈት ይምጣ ይበሉልኝ። አብረን እንወጣለን።» ከዚያም ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «መቼ ነው የሚከፈተው?»

እትዬ ሥጋት አፏን ከፈተች። ተከፍቷል ብትል ውሸት ነው፤ ጠመንጃ አውርዱልኝም ይላሉ። አልተከፈተም ብትል ልጇን እንደገና ከደጅ መመለሷ ነው። ልጅየው ቀደማት።

«ገና ነው፣ ጋሼ» አለ። በሕይወቱ አባዬ እንጂ ጋሼ ብሏቸው አያውቅም። «ሲደርስ እኔ ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

ጎንበስ ብሎ እጆቹን በብብታቸው ሥር አስገባና ከወንበሩ አነሣቸው። ቀልለውታል። ሽማግሌው አንገቱን እንዳያነቁት እየተጠነቀቁ በትከሻው ተደገፉ።

«አይቸገሩ» አሉት። «ኧረ አይቸገሩ።»