አካሉ ዋስ የሆነላቸው ቤቶች

ከጣና ዳር ባለችው በዚያች የባሕር ዳር ሰፈር የአካሉ እጅ ያላረፈበት ቤት ጥቂት ነው። ድንጋይና አሸዋ ከመሸከም ጀምሮ ግንበኛ ሆነ፤ ከዚያም ፎርማን። ጣሪያ ሲያፈስ፣ በር አልዘጋ ሲል የሚጠራው እሱ ነው። ቅር ሳይለውም ይሄዳል።

ሰፈሩ የሚኖረው በእንግዳ ነበር። ገዳማቱን ሊያይ የሚመጣውን ሰው አንዱ በጀልባ ያመላልሳል፣ ሌላው ያሳድራል። ሥራው በደራበት ዘመን ብዙዎቹ ቤታቸውን አስይዘው ከባንክ ተበደሩ። ወይዘሮ ጀሊላም ባላቸው ከሞቱ በኋላ በብድሩ ከጓሮ የእንግዳ ክፍሎች አሠሩ። የሠራላቸውም አካሉ ነው። ክፍሎቹ ቀለማቸው ሳይደበዝዝ ጦርነት መጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ እንግዳው ቀረ። ዕዳው ግን አልቀረምና ባንኩ በአንድ ተራ ያሉትን አምስት ቤቶች ለሐራጅ አወጣቸው።

ይህን ጊዜ ነው የአካሉ አሠሪ ብሥራት አንድ ሐሳብ ያመጣው። ሁለቱ አብሮ አደግ ናቸው። በጉርምስናቸው በአንድ ባሬላ አሸዋ ተሸክመዋል፤ በኋላ ብሥራት ቤት እየሠራ የሚሸጥ ድርጅት ከፈተና አካሉን ፎርማን አደረገው። ሐሳቡም እንዲህ ነበር። ድርጅቱ ቤቶቹን ከሐራጁ ይገዛል፤ ባለቤቶቹ ግን አይወጡም። በየወሩ የሚከፍሉት ኪራይ እንደ ቤቱ ዋጋ ይታሰብላቸዋል፣ ከፍለው ሲጨርሱ ቤቱ ወደ ስማቸው ይመለሳል።

«እኛ ቤት ሠሪዎች ነን፤ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ቆመን እናያለን?» አለው ብሥራት።

አካሉ ይህን ሲሰማ ልቡ ተነካ። ያንኑ ዕለት ማታ ለሚስቱ ለእናትዓለም አወራላት። በማግስቱ ቤት ለቤት ዞሮ ለሁሉም አስረዳ። የሰፈሩን ደላሎችም ሌላ ገዥ እንዳያመጡ፣ ዋጋ እንዳያስንሩ ለመናቸው። ስለ እሱ ብለው እሺ አሉት።

ያመነቱት ወይዘሮ ጀሊላ ብቻ ነበሩ። ወረታ ከተማ ሱቅ ያለው ወንድማቸው ሰላህ ዕቃውን ሸጦ ቤታቸውን ከሐራጁ ሊያስጥልላቸው ተነሥቷል።

«አንተ ምን ትላለህ?» አሉት አካሉን።

«ሰላህ ሱቁን ለምን ያራቁታል እትዬ? ዋሱ እኔ ነኝ። ብሥራትን እንደ ራሴ አውቀዋለሁ።»

ወንድማቸውን ተው አሉት። ቤቶቹንም ያለ ተጫራች ብሥራት ገዛቸው። በዚያ ረመዳን ወይዘሮ ጀሊላ አካሉንና እናትዓለምን ለኢፍጣር ማዕድ ጠርተው እጅግ አድርገው መረቋቸው።

ወራት አለፉ፤ ሁሉም ኪራዩን ይከፍላል። አንድ ጠዋት አካሉ በሰፈሩ ሲያልፍ የድርጅቱ ቀያሽ ቴዎ በወይዘሮ ጀሊላ ግቢ ሲባጎ ወጥሮ ችካል ሲመታ አገኘው። ቦታ የተሳሳተ መስሎት ሊመልሰው ገባ።

«ሆቴሉ እኮ ነው» አለ ቴዎ ግር ብሎት። «ፕላኑ ካለቀ ቆይቷል፤ ከሐራጁ በፊት ነው የተሠራው። አልነገረህም?»

አካሉ እግሩ እንዴት እንዳደረሰው ሳያውቅ ብሥራት ቢሮ ደረሰ። ብሥራት አልደነገጠም። ሻይ አዘዘለት፣ ጊዜው እንደ ተለወጠ፣ ሆቴሉን የሚያሠሩት ባለ ገንዘቦች እንደ ገፋፉት አወራው። አካሉ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፕላኑ ከሐራጁ በፊት ተሠርቶ እንደሆነ። ብሥራት አልካደም፤ እውነቱን ተናገረ።

«ሰዎቹ የሚያምኑት አንተን ነው። እኔ ብሄድ ማን በሩን ይከፍትልኝ ነበር?»

ወዲያው ደግሞ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ የሆቴሉን ሥራ እንዲመራለት ጠየቀው። አካሉ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ስድብ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን አብረው የበሉት ታወሰውና ዋጠው።

ከሁሉም የከበደው ለወይዘሮ ጀሊላ መናገሩ ነበር። አላቋረጡትም፤ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«በሚካኤል አላውቅም ነበር።»

«አምንሃለሁ። ግን ሰላህን ተው ያልሁት በአንተ ቃል ነው።»

ሽማግሌ ወደ ብሥራት ተላከ። የፈረምሁበትን አሳዩኝ አላቸው፤ ሁሉም በቃል ነበርና የሚያሳዩት አልነበራቸውም። ክረምቱ ሳይገባ ቤቶቹን የሚያፈርስ ማሽን መጣ። አካሉ ኦፕሬተሩን ለምኖ አቆመና በሩን፣ መስኮቱንና ቆርቆሮውን ነቅሎ ለየባለቤቱ ጫነ። ወይዘሮ ጀሊላ ወረታ ወንድማቸው ዘንድ ገቡ። ሲሰናበቱ ሁሉንም ሳሙ፤ እሱን ግን በእጅ ብቻ ጨበጡት።

ከዚያ በኋላ አካሉ በሰፈሩ አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ጀመር። የጀልባ ነጂው የገድሉም ቤት ለሐራጅ ሊወጣ መሆኑን ሲሰማ ግን መቀመጥ አልሆነለትም። የገድሉ ቤት ፎቁ ተጀምሮ የቀረ ነው። አካሉ የሚያውቃቸውን አናጢዎች፣ ግንበኞችና የመብራት ሠራተኞች ሰበሰበና ሥራውን በዱቤ እንዲጨርሱ ለመናቸው። ከገድሉ ጋር ባንክ ሄዶ ጊዜ ጠየቀ፦ ፎቁ አልቆ ሲከራይ ኪራዩ አስቀድሞ ለባንኩ ይገባል፣ የሚተርፈው ለሠራተኞቹ ይከፈላል። በዚህ ጊዜ በቃል አልቀረም፤ ሁሉም ፈረመ። የባንኩ ኃላፊ በብዙ ልመና እሺ አለ። ክፍሎቹን አስተማሪዎች ተከራዩአቸው፤ ቤቱም ከሐራጅ ዳነ።

በጥቅምት ወይዘሮ ጀሊላ የቀድሞ ጎረቤት ሞቶባቸው ለለቅሶ ወደ ሰፈሩ መጡ። ሲመለሱ ከገድሉ በር ላይ ቆመው ወደ ፎቁ መስኮቶች አንጋጠጡ። አካሉ አጥር ሲጠግን ነበርና ወጥቶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። ይህ እንዴት እንደሆነ ጠየቁት፤ ነገራቸው።

«የእኔም የጓሮ ክፍሎች ለአስተማሪ ይሆኑ ነበር» አሉ።

«ይሆኑ ነበር እትዬ።»

«ታዲያ ያኔ?»

«አላሰብሁትም። ብሥራት ያለኝን ብቻ ነበር የምሰማ።»

ወይዘሮ ጀሊላ ሻሻቸውን አስተካከሉ። አካሉ እስከ መናኸሪያ ልሸኝዎት አላቸው። መንገዱን አውቀዋለሁ ብለው ሄዱ።