ከውጭ የሚታሰር ድንኳን

«ሃያ ሰባት… ሃያ ስምንት…»

ሸራ ሰፊው በቁጥሩ ልክ መዶሻውን ያሳርፋል፤ በመዶሻው ልክ አንድ የነሐስ ቀለበት በድንኳኑ በር ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ቁጥሩን የሚጠራው ጮክ ብሎ፣ ጫፉን እየጎተተ ነው። ከልጅነቱ የያዘው አመል ነው። እሱ ራሱ አይሰማውም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ጎረቤቱ ጫማ ጠጋኝ ግን በየጊዜው በበሩ ብቅ እያለ «ዛሬስ ስንት ሺህ ገባህ?» ይለዋል።

የስፌት ቤቱ ወለል በአረንጓዴ ሸራ ተሸፍኗል። ሦስት ድንኳኖች አልቀዋል፣ ሦስት ይቀራሉ። መሃል ላይ ለናሙና የተላከው አሮጌ ድንኳን ተተክሎ ቆሟል፤ ፀሐይ ያነጣው፣ ከግራ ጠርዙ ሥር ጣት የምታስገባ ቀዳዳ በነጭ ክር የተጣፈችበት። የላከው የስካውት ቡድን ነው፤ ሸራ ሰፊው በልጅነቱ ሁለት ዓመት ያሳለፈበት ቡድን። «ልክ እንደዚህ ስድስት» ነበር ያሉት። የሙያው ሕግ ደግሞ አጭር ናት፤ ናሙና ይገለበጣል እንጂ አይታረምም። ስለዚህ ማሰሪያውንም ሳይቀር እንዳየው ሰፋው።

ናሙናው ውስጥ የአሥር ዓመት ልጁ አዲሱን ካኪ ሸሚዟን ለብሳ ተቀምጣለች። ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ካምፕ ትወጣለች።

«አባዬ፣ የምድጃውን ንገረኝ።»

«መቶ ጊዜ ነግሬሽ የለ?»

«መቶ አንደኛ!»

«ሊጀምራት ነው እንግዲህ» አለች ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

ጀመራት። ሻለቃ የሚሉት አለቃ ነበራቸው፤ የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ የሒሳብ መምህር። ጫማ ያልጠረገ፣ ሰልፍ ያዛባ፣ ሲስቅ የተገኘ፣ ለሁሉም ቅጣቱ አንድ ነበር። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ድንኳን ውስጥ መግባት። በሩ ይታሰራል። ከውጭ ሦስት መቶ ተቆጥሮ ካላለቀ አይፈታም። ያንን ድንኳን ምድጃው ይሉት ነበር።

«አባትሽ ታዲያ ምን አደረገ? እየተጠበሰ ዘፈነ! ሻለቃ ከውጭ ጢሙ ይንቀጠቀጣል፣ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ ዘፈኑ ግን ይቀጥላል!» መዶሻውን እንደ ማይክሮፎን ይዞ ዘፈኑን አወረደላት፤ እንቁላል አልጥልም ብላ ስለ አኮረፈች ዶሮ የሚያወራ የልጆች ዘፈን። ልጅቷ ድንኳኑ ውስጥ በሳቅ ተንከባለለች።

«እኔን ግን አንድም ቀን አስቆኝ አያውቅም» አለች ሚስቱ። «ልጅ በፀሐይ ይጠበሳል?»

«ሰው ያደረገን እሱ ነው እኮ። ይኸው፣ እኔ አሁን ምን ሆንኩ?»

«ምን እንደሆንክ እኔ ብናገር ይሻላል።»

ተሳሳቁ። ልጅቷ አንገቷን በድንኳኑ በር አወጣች። «ለእኔም እኮ ጥንድ ተመድባልኛለች። እሷ ካጠፋች ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ እኔ ካጠፋሁ ደግሞ እሷ።»

«ጥሩ ነው፤ መተሳሰብ ትለምዳላችሁ» አለና ቀለበቱን አነሳ። «ሃያ ዘጠኝ… ሠላሳ…»

አንድ የጭነት መኪና ከደጁ ቆመ። ሹፌሩ የተቀደደ የመኪና ሸራ በትከሻው ተሸክሞ መጣ፤ በሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሞላ ግዙፍ ሰው ነው። አንድ እግሩን አስገብቶ ቆመ። ሠላሳ ሦስት ላይ ሸራው ከትከሻው ወረደ። ሠላሳ አራት ላይ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ይግቡ እንጂ ጌታዬ» አለች ሚስቱ። «ምን እንታዘዝ?»

የሹፌሩ ዓይን በሸራ ሰፊው አፍ ላይ ነበር። «ቀጥል እስቲ» አለ።

«ምኑን?»

«ቁጥሩን።»

ሸራ ሰፊው ግራ ገብቶት ፈገግ አለ። «ሠላሳ አምስት…»

«አንተ ነህ» አለ ሹፌሩ። «መልክህን መንገድ ላይ ባየው አልፈው ነበር። ድምፅህን ግን አልስተውም። ጉንዳን ነኝ።»

መዶሻው ተወረወረ። «ጉንዳን! ዝሆን ሆነህ የለም እንዴ!» ሸራ ሰፊው ተንደርድሮ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ጉንዳን ያኔ ከሁሉም ትንሹ፣ ሸሚዙ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ልጅ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥንዱ፣ በአንድ ሰሃን የበሉ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ያደሩ። «ነይ ውጪ አንቺ! ጥንዴን ተዋወቂው! ይኸው ምስክር መጣልኝ!»

ልጅቷ እየሮጠች ወጥታ እጇን ዘረጋች። «ጋሼ፣ አባዬ ምድጃው ውስጥ ሲዘፍን እርስዎም ነበሩ?»

ሹፌሩ እጇን እንደያዘ ዞሮ አባቷን አየው። እስኪያርማት እየጠበቀ ነበር።

«ንገራት እንጂ» አለ ሸራ ሰፊው። «የዶሮዋን እንዴት እንዳወረድኳት። እኔ ስላት የማጋንን ይመስላታል።»

«ማን ነው የዘፈነው?»

«እኔ ነኛ!»

ሹፌሩ የልጅቷን እጅ ቀስ አድርጎ ለቀቀ። «አንተ ምድጃው ውስጥ ገብተህ አታውቅም» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። ከዚህ እስከ ቀጣዩ ከተማ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ የሚናገር ሰው አነጋገር ነው።

ሸራ ሰፊው ሳቀ። ብቻውን ነበር የሳቀው።

«ደንቡን ረሳኸው?» አለ ሹፌሩ። «ያጠፋው አይገባም ነበር እኮ። የሚገባው ጥንዱ ነው። ያጠፋው ከውጭ በሩን አስሮ፣ ቆሞ ይቆጥራል።»

«እሺ ይሁን፤ እንግዲያው አንተ ባጠፋህ ጊዜ እኔ ገብቻለሁ።»

«አጥፍቼ አላውቅም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ካጠፋሁ አንተ ልትገባ አይደል? ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ የሁለታችንንም ጫማ እጠርግ ነበር። አንተ ግን ሳቂታ ነበርክ፤ ሰልፍ ላይ ትስቃለህ። ሰባት ጊዜ ገባሁ። ሰባቱንም የቆጠርከው አንተ ነህ። ቁጥሩ ከተዛባ ደግሞ ከአንድ ነው የሚጀመረው፤ አንተ መጀመሪያ መጀመሪያ እያለቀስክ ይዛባብህ ነበር። እንድትረጋጋልኝ ብዬ ነው የዘፈንኩት። የዶሮዋን።»

የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከቆመ ቆይቷል።

«ተሳስተሃል» አለ ሸራ ሰፊው። «እኔ አስታውሳለሁ። ሙቀቱን ሳይቀር አስታውሳለሁ።»

«እስቲ ከውስጥ ምን እንደሚታይ ንገረኝ።»

አፉን ከፈተ። ምድጃው በዓይኑ ላይ ድቅን አለ፤ ስንት ዓመት ሲያወራለት የኖረው አይደለም እንዴ! ካስማው፣ የተወጠረው ገመድ፣ በሩ ላይ ድርብ ቋጠሮው። ከሸራው በስተኋላ አንዲት ትንሽ መዳፍ ጨርቁን ትገፋለች፤ የአምስቱ ጣቶች ቅርጽ ወጥቶ ይታያል፣ ይጠፋል። የሻለቃ ጥላ ሣሩ ላይ። ዘፈኑም ይሰማዋል፤ ግን ከጨርቅ ጀርባ፣ ታፍኖ። ዙሪያውን ቢሽከረከር፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ትዝታ አጣ። ራሱን ፈለገ። ራሱን ያገኘው ከውጭ ነው፤ ገመዱን በእጁ ይዞ።

ሹፌሩ በግዙፍ ጉልበቱ ተንበርክኮ የናሙናውን ግራ ጠርዝ ገለጠ። በነጭ ክር የተጣፈችውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።

«አይጥ ናት የበላችው» አለ ሸራ ሰፊው።

«አይጥ አይደለችም። ምድጃው ይኸው ነው፤ ጥርሴ ነው የበሳት። አፍንጫዬን አስጠግቼ የምተነፍስባት ነበረች፤ ሻለቃ አገኛትና አስጣፋት።»

ሸራ ሰፊው ይህችን የተጣፈች ቦታ ከትናንት በስቲያ እየተመለከተ «የማን ዝርክርክ እጅ ነው?» ብሎ ቀልዶባት ነበር።

«የመጨረሻዋን ቀን ብቻ ልንገርህ» አለ ሹፌሩ ሳይነሳ። «ሁለት መቶ ዘጠና ደርሰህ ነበር። ያን ቀን አላለቀስክም፤ ለምደኸዋል። ሻለቃ ‹ይደገም እንዴ?› ብሎ ሳቀ። አንተም ሳቅህ። ከዚያ ‹አንድ› አልክ።»

ሸራ ሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ያ ቀን ትዝ ይለዋል። ትዝ የሚለው ግን በሌላ ነገር ነው፤ ሻለቃ እጁን አናቱ ላይ አሳርፎ «ጎበዝ!» ያለው ቀን ነው። ከልጅነቱ ሁሉ የሚሞቀው ትዝታው ያ ነበር። ለልጁም ነግሯታል፤ ችሎ በመውጣቱ የተሞገሰ አስመስሎ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል» አለ ሹፌሩ። «ወጊው ተወጋሁ ብሎ ለልጁ ያወራል ግን አልተባለም።» ከዚያም የሸራ ሰፊውን ፊት ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተወው። አሥራ አንድ ዓመታችን ነበር። ቂም ይዤ አይደለም የመጣሁት፤ ሸራዬ ተቀዶ ነው።» ሊነሳ ሲል ዓይኑ ግድግዳው ሥር በተደረደሩት አዳዲስ ድንኳኖች ላይ ቀረ። «እነዚህም ማሰሪያቸው ከውጭ ነው እንዴ? ለማን ናቸው?»

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ተነሳች።

«ለእኛ» አለች ልጅቷ። አባቷን ቀና ብላ አየችው። «አባዬ፣ ጥንዴ ካጠፋች… እኔ ነኝ የምገባው?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ድንኳን ሰፍቷል። ለገበሬ፣ ለሐኪም፣ ለመንገድ ሠራተኛ። የአንዱም ማሰሪያ ከውጭ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ሰው የሚያድርበት ድንኳን ከውስጥ ነው የሚታሰር። ይህን ግን ሰሞኑን ሁሉ እየቆጠረ፣ ቀለበት በቀለበት፣ ገልብጦታል።

ስልኩን አንስቶ ለቡድኑ መሪ ደወለ። ወጣት፣ ትሑት ሰው ነው።

«ናሙናው ስህተት አለበት» አለው። «ማሰሪያው ከውጭ ነው።»

«ኧረ ስህተት አይደለም ጋሼ፣ እንደዚያው ነው። ለሥነ ሥርዓት ያስፈልገናል።»

«ልጆቹን ልታስሩበት?»

«ጋሼ ደግሞ! አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። እርስዎም እኔም ያደግንበት አይደል? ምን ሆንን?»

ቅድም ከራሱ አፍ የወጣች ቃል ናት። ሸራ ሰፊው ወደ በሩ አየ። ጉንዳን ደፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ለድንኳኖቹ፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ። የመኪናው መስኮቶች ሁሉ እስከ ታች ወርደዋል፤ አንደኛው በር ደግሞ ጭራሽ ተነቅሎ ወጥቷል።

«እኔ ምን እንደሆንኩ አሁን ገና ነው የሰማሁት» አለ ሸራ ሰፊው። «ናሙናችሁን ከፈለጋችሁ ውሰዱ። ከውጭ የሚታሰር ድንኳን ግን ከእኔ ቤት አይወጣም። ልጄንም አትጠብቋት።»

«ጋሼ፣ እንዲህማ አይሆንም፣ ቅዳሜ እኮ…»

ስልኩን ዘጋው። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ እጇን ዘርግታለች። «አምጣው» አለች። «የሌሎቹ ልጆች እናቶች ቁጥር አለኝ።» ተቀብላው ወደ ጓሮ ወጣች፤ ወዲያው ድምፅዋ ተሰማ፤ «ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ የድንኳን ሰፊው ሚስት ነኝ…»

ሸራ ሰፊው ምላጩን አነሳ። ካለቁት ድንኳኖች አንዱን ሳበና የበሩን ማሰሪያ ስፌት በስፌት ፈታው። ሁለት ጊዜ ምላጩ ስቶ ሸራውን ነካው፤ በሙያው እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የማሰሪያውን ጥብጣቦች ገልብጦ ከውስጥ ሰፋቸው። ጫማ ጠጋኙ ቁጥሩ ቢጠፋበት ብቅ አለ፤ ሁሉንም አይቶ ሳይቀልድ ተመለሰ።

ድንኳኑን ከተከለው በኋላ «አይዘጋ ይሆናል» አለ፣ ወደ ማንም ሳያይ። «መሞከር አለበት።»

«እኔ ልሞክረው» አለች ልጅቷ።

ሊከለክላት ፈልጎ ነበር። እሷ ግን ገብታለች። ጥብጣቦቹ አንድ በአንድ ከውስጥ ሲጠብቁ፣ በሩ ሲገጥም አየ። ከጨርቁ ጀርባ ትንሿ መዳፏ ሸራውን ገፋ አደረገች፤ አምስት ጣት ወጣ፣ ጠፋ። የሸራ ሰፊው ከንፈር በራሱ ጊዜ «አን…» ብሎ ሲከፈት ያዘውና በጥርሱ ነከሰው።

«አባዬ፣ አትቆጥርም?» አለች ከውስጥ።

«አልቆጥርም» አላት። «ስትፈልጊ ትከፍቺዋለሽ።»

መዶሻውን ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠ። ሄዶ ደፉ ላይ ከጉንዳን አጠገብ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠና ልጁ በራሷ ጊዜ እስክትወጣ ጠበቀ።