የኤይሊ የጋሪ ጎማ

ብስክሌት ጠጋኟ ሮና የሎርንን ብስክሌት መስቀያው ላይ ገልብጣ በባትሪ እያበራች ጣቷን በዋናው ብረት ላይ አስኬደችና አንድ ቦታ ላይ አቆመች።

"ይኸው። ታየህ?"

ሎርን አጎንብሶ አየ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ናት። "ይበየዳላ" አለ።

"አይበየድም። ቢበየድም እኔ ሰው አላስቀምጥበትም። አልቆለታል፣ ሎርን።"

ሎርን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በትዊድ ሸለቆ ላሉት መንደሮች ፖስታ ያድላል። ሚስቱ ኤይሊ ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል። ቀኑን ሙሉ በየሰው ደጃፍ "እንደምን ዋላችሁ" ሲል ይውልና ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያናግረው አያገኝም። የቀረው ደስታ ቅዳሜ ጠዋት በዚህ ብስክሌት ከተራራው በጥዱ ጫካ መሀል ለመሀል መውረድ ነበር፤ አሁን እሱም ሊቀር ነው።

"በል የአዲሱን ብስክሌትህን ጎማ ምረጥ" አለች ሮና እጇን በጨርቅ እየጠረገች። "የአንተ ሃያ ስድስት ኢንች ድሮ ቀረ። አሁን ያለው ሃያ ሰባት ተኩልና ሃያ ዘጠኝ ነው። የት ልትነዳው ነው?"

"የት እነዳዋለሁ? ጫካው ውስጥ ነዋ።"

"እንግዲያው ትንሹን ውሰድ። ጠባብ መታጠፊያ ላይ ቶሎ ይዞርልሃል። የቅዳሜ ሰዎች፣ የኤይሊ ጓደኞች፣ የሚወርዱት ግን በገላጣው ተራራ ነው። እዚያ ድንጋይ ስለሚበዛ ትልቁ ጎማ ይሻላል፣ ሁሉንም ረግጦ ያልፋል። ስንት ጊዜ 'ና' አሉህ?"

"የጋሪ ጎማ ላይ አልወጣም።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!" ሮና ሳቀችበት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ደግሞስ ለምን ትገዛለህ? የኤይሊ አለ አይደል? ሃያ ዘጠኝ ነው።"

ሎርን "አስብበታለሁ" ብሏት ወጣ።

የጋሪ ጎማ የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ራሱ ነው፣ ኤይሊን ለማብሸቅ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ወደ ላይ ይወጡና ተራራው አናት ላይ፣ የበጎቹ አጥር በር ጋ ይለያያሉ። እሱ በትንንሽ ጎማው ጫካው ውስጥ ይገባል፤ እሷ በትልልቆቹ ከጓደኞቿ ጋር በገላጣው ትወርዳለች። የሚገናኙት ታች ድልድዩ ላይ ነው። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነበር። ሻዩን አጋምሶ ይጠብቃትና "ጋሪሽ መጣች?" ይላታል። እሷም የአጃ ብስኩቱን ከእጁ እየነጠቀች "አንድ ቀን እንኳ ከእኔ ጋር ውረድ" ትለዋለች። "የሚቀጥለው ቅዳሜ" ይላል። አንድም ቅዳሜ አልሄደም።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ቤቱ ዝም ብሎበት መቀመጥ አቃተው። ጓሮ ወዳለው መጋዘን ገብቶ የኤይሊን ብስክሌት ከማንጠልጠያው አወረደና ጎማውን ነፋ። የመቀመጫው ዘንግ ላይ በቁመቷ ልክ የለጠፈችው ሰማያዊ ፕላስተር አለ። ሎርን ብሎኑን አላልቶ፣ ትንሽ ቆም አለና መቀመጫውን ለራሱ ቁመት ከፍ አደረገው። ፕላስተሩን ግን አልላጠውም።

የበጎቹ በር ጋ ሲደርስ ካፊያ ጀምሯል። የቅዳሜ ሰዎች አምስት ነበሩ። ጡረታ የወጣችው ነርስ አይሶቤል ቀድማ አየችው።

"ወይ ጉድ! ፖስተኛችን ዛሬስ አድራሻ ተሳሳተ!"

ሁሉም ሳቁ፤ ሎርንም ሳይወድ ሳቀ። ዳቦ ጋጋሪው ግሬም ብቻ ትንንሽ ጎማ ስለነበረው "ድልድዩ ላይ እንገናኝ" ብሏቸው ለብቻው ወደ ጫካው ታጠፈ። ሌሎቹ በገላጣው ጀመሩ። የኤይሊ ብስክሌት የእሱን ያነጥር የነበረ ዓይነት ድንጋይ ሁሉ ላይ ዝም ብሎ ይንከባለል ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ምን ነካኝ ብሎ አሰበ።

ግማሽ መንገድ ላይ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ጋ፣ ማንም ሳያዝ ሁሉም ፍሬን ያዙ።

"ምን እንጠብቃለን?" አለ ሎርን።

አይሶቤል ደነገጠች። "ምንም። ልማድ ሆኖብን ነው። ኤይሊ ነበረች እዚህ የምታቆመን።"

"ለምን?"

"ያ ታች የሚታይህ የጥዱ ጫካ መውጫ ነው። ያ ቀይ የራስ ቁርህ ከዚያ ብቅ ካላለ ንቅንቅ አትልም ነበር። ደህና መውጣትህን ሳታይማ አትወርድም። ብርድ ላይ ገትራን ስንት ጊዜ ሰድበናታል!"

"ለእኔ አልነገረችኝም።"

"ብትነግርህማ 'ቀደምኩሽ' ብለህ መቼ ትኮራ ነበር? 'እሷን ደስታውን እንዳትነኩበት' ትለን ነበር።"

ሎርን ጥዱን አየ። ሃያ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነው የምወርደው ይል ነበር፤ አንድም ቀን ብቻውን አልነበረም። ብቻውን የወረደው እነዚህን ሁለት ዓመታት ነው። እንደዚያ እየተጠበቀ ሳያውቅ መኖሩ አንገበገበው፤ ሰዎቹ ፊት እያፈረ አለቀሰ። አይሶቤል ትከሻውን ያዝ አደረገችው፤ ሌሎቹ እንዳላዩ ሆኑ።

ካፊያው ወደ ዝናብ ሲለወጥ አይሶቤል መሪዋን አቀናች። "በል እንውረድ። ሻዩ ይቀዘቅዛል።"

"እናንተ ቅደሙ።"

"አንተስ?"

ሎርን አንድ እግሩን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ከጫካው መውጫ አላነሣም።

"ግሬም ገና አልወጣም" አለ።